ጥለቱ ወደ አንገት የወጣበት ሰርግ

ሚዜ የሚሆኑ ልጆች በጥር ወደ ሱቄ ሲመጡ ገና ሰላምታ ሳይሰጡ ነው ስልካቸውን የሚያወጡት። «እንዲህ ያለ አለህ?» ይሉኛል። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ የሆነ ባሕር ዳርቻ ቆሟል፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል፣ ካልሲ የለውም፣ የሸሚዙ ቁልፍ እስከ ደረቱ ተከፍቷል። «የለኝም» እላለሁ። ሱቄ ያለው ደባርቅ ነው፤ የምሸጠውም ኩታ፣ ጋቢና እጀ ጠባብ ነው። አንዳንዱ ታዲያ ያልገባኝ መስሎት «ሰርጉ እኮ ካዥዋል ነው» ብሎ ሊያስረዳኝ ይሞክራል። ያን ጊዜ ፊቴን አዙሬ ጨርቅ ማጠፍ እጀምራለሁ። ልጆቹ ምን አደረጉኝ? ምንም። እኔ ግን ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር የአንዲት እናት ጩኸት ነው የሚሰማኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስትጨርሱ ብትጸየፉኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ራሴን እስካሁን በደንብ አልታረቅኩትም።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ጥር ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቱሪስት አስጎበኝ ነበር። እንግሊዝኛዬ ደህና ነበር፣ ጫማዬ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር፣ ደባርቅ ግን ጠብባኝ ነበር። አባቴ ገበሬ መሆኑን ለእንግዳ ሰው አልናገርም። ሲጠይቁኝ «ቤተሰቦቼ ጎንደር ናቸው» እል ነበር፤ ጎንደር ዘመድ እንኳ የለኝም። እንዲህ ያለሁ ከንቱ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ሰሎሞን የሚባል መሐንዲስ አዲስ አበባ ላይ ቃል ኪዳኑን አስሮ፣ የሰርጉን ድግስ ግን ወደ እኛ አገር አመጣው። የተወለደው ከዳባት በታች ካለ ገጠር ነው፤ ሙሽራዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ድግሱ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ አንድ ሎጅ እንዲሆን ወሰኑ። ነገሩን ሁሉ የሚመራው ናቲ የሚባል ዲዛይነር ነው። ናቲ አበባውን፣ ካሜራውን፣ ልብሱን፣ የሰውን ፈገግታ ሳይቀር ያዛል። እኔን ደግሞ የአገሩ ሰው ነው ብሎ ቀጠረኝ፤ መኪና እንድፈልግለት፣ መንገድ እንዳሳየው።

ከመምጣታቸው በፊት ለወንዶቹ እንግዶች የአለባበስ ዝርዝር በስልክ ላከልኝ። ርዕሱ «ሰመር ካዥዋል» ይላል፤ ፈረንጆች በሙቀት ወራት የሚለብሱት ቀለል ያለ ልብስ ማለቱ ነው። ከየት አገር እንደገለበጠው እንጃ። ሙሉ ልብስ ክልክል፣ ክራቫት ክልክል፣ ስስ የሊነን ሱሪ ከቁርጭምጭሚት በላይ ታጥፎ፣ ካልሲ በፍጹም። ጥር ነው እኮ! የስሜን ጥር! ደወልኩለትና «ናቲ፣ እዚህ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ይነጣል፤ ሰዎቹ ካልሲ ቢያደርጉ ይሻላል» አልኩት።

«አይ ባላገር!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «ብርድ ፎቶ ላይ አይታይም እኮ ወንድሜ!» ስልኩ ክፍት ስለነበር አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀጥሎ ደግሞ «ይሄ ሰርግ ካማረ አዲስ አበባ ወስጄህ አብረን ነው የምንሠራው» አለኝ። በዚያች ቃል ገዛኝ። ከዚያ ወዲህ ናቲ ጥቁሩን ነጭ ቢለኝ «እንዴታ!» የምል ሰው ሆንኩ።

አርብ ማታ ሰሎሞን ለብቻዬ ጠራኝ። እናቱን እማማ አንጓችን እሁድ ጠዋት ዳባት ሄዶ ራሱ ሊያመጣቸው ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ ናቲ ግን ከለከለው። እናትና ልጅ የሚገናኙባትን ቅጽበት ካሜራ እንዲቀርጻት ይፈልጋል፤ ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጸጥ ብለው ይቆማሉ፣ እናቲቱ በመሃል ያልፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ልጁ ብቅ ይላል።

«አንተ አምጣልኝ» አለኝ ሰሎሞን። «እናቴ ልቧ ስስ ነው። ታላቅ ወንድሜ ወታደር ሄዶ ነው የቀረው። መርዶው የመጣ ዕለት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እሷን እንዴት እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። እንዳታስደነግጥብኝ፣ አደራ!»

«አታስብ፤ እንደ እናቴ ነው የምይዛቸው» አልኩት። ያልኩትን ሰማችሁ አይደል?

ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ሆነ። ሃያ የሚሆኑ ጎልማሶች በዚያች ስስ ሱሪ፣ እግራቸው ባዶ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ሜዳው ላይ ተሰለፉ። ናቲ «ለባህላችን ክብር» ብሎ ለእያንዳንዳቸው ኩታ አደላቸው። ኩታዎቹን በትእዛዝ ነው ያሠራቸው፤ ጥለታቸው ጥቁርና አመድማ። «ቀይና አረንጓዴ ፋሽኑ አልፎበታል» ይላል። ከዚያ በገዛ እጁ አለበሳቸው፤ አንድ በአንድ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገታቸው እያወጣ።

አዲስ አበባ የተወለደ አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ልንገረው። በእኛ አገር በደስታ ቀን የኩታ ጥለት ወደ ታች ይወርዳል። ወደ አንገት የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። መርዶ ሲነገር ደግሞ አርጂዎቹ እንዲያ ለብሰው፣ ተሰብስበው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ባለሐዘኑ ፊት ይቆማሉ። ባለሐዘኑ የሚያየው ልብሳቸውን ነው። ካየው በኋላ አፍ የሚከፍት ሰው አያስፈልገውም።

እኔ አወቅሁት። ገና የመጀመሪያውን ሰው ሲያለብስ አወቅሁት።

«ናቲ…» አልኩ።

«አቤት?» ብሎ ዞረ። ከፊቱ የተሰለፉት ሁሉ አብረው ዞረው አዩኝ። የያኔው የስልክ ሳቅ ጆሮዬ ላይ አለ። ‹አይ ባላገር› ሊለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አዲስ አበባን አሰብኩ።

«ምንም፤ ያምራል» አልኩ። ያምራል! አፌን በሰበረው!

ይባስ ብሎ የሎጁ ዘበኛ፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ አዛውንት፣ ቀስ ብለው መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና «ማን አርፎ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ ሰርግ ነው አባባ!»

«በስመ አብ ወወልድ! እንዲህ ለብሰው?» አማተቡ። «ንገራቸው እንጂ! አንተ የአገሩ ልጅ አይደለህም?»

«የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ለፎቶ ነው» አልኳቸው። እንትፍ አሉና ሄዱ። ሰሎሞን ይህን ሁሉ አላየም፤ ናቲ ሌላ ልብስ እንዲለካ ወደ ክፍሉ ልኮት ነበር።

እሁድ በማለዳ በሚኒባስ ዳባት ወረድኩ። እማማ አንጓች መንገድ ዳር ቆመው ደረስኩ፤ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። አብረዋቸው ወንድማቸው አያ ብሬና ስድስት የሚሆኑ ዘመዶች አሉ። የእማማ አንጓች ፊት እንደ ልጅ ፊት ያበራል። እኔ ብቻዬን ስወርድ ግን አንገታቸውን አስግገው ከኋላዬ ፈለጉ።

«ሰሎሞንስ?»

«እዚያው ነው እማማ፤ ሲደርሱ ያገኙታል።»

«ራሴ እመጣለሁ ነበር ያለኝ እኮ። ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ ሲደርሱ ያዩታል።»

መኪናው ተነሣ። ትንሽ እንደሄድን «እስቲ ደውልልኝና ድምፁን ልስማው» አሉኝ። ናቲ ‹ሰርፕራይዙን እንዳታበላሽ፣ ስልክ እንዳታገናኝ› ብሎኛል። «ኔትወርክ የለም እማማ» አልኳቸው። ይህን ስል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል፤ ናቲ ነው፣ ‹የት ደረሳችሁ› ሊለኝ። እማማ አንጓች ኪሴን አዩት። ጨዋታውም እዚያው ላይ ቆመ፤ ከኋላ የነበሩት ዘመዶች ዘፈን ጀምረው ነበር፣ ተዉት።

ደባርቅ ቆም ብለን ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋቸው። አልቀመሱትም። ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሰው እንዲህ በዘዴ የሚወሰደው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የበኩሬን ጊዜም ‹ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ትፈለጊያለሽ› ብለው ነው ወስደው ያረዱኝ። እውነቱን ንገረኝ፤ እችለዋለሁ።»

«ኧረ እማማ፣ ሰርግ እኮ ነው! በሰርግ ቀን ምን ዓይነት ወሬ ነው?» ብዬ ሳቅሁ። ሳቄን አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ‹ሰዎቹ ኩታውን በስሕተት ነው የለበሱት፣ እንዳይደነግጡ› ብል ምን ነበረበት? ወይም ደግሞ ስልኩን አውጥቼ ባገናኛቸው? አላደረግኩም። ከሥራ የምባረር መሰለኝ።

ሎጁ ስንደርስ ንፋሱ ከገደሉ ስር ሽቅብ ይገርፋል። ሃያዎቹ ወንዶች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ናቲ ከንጋት ጀምሮ አቁሟቸው ኖሯል፤ እግራቸው ሰማያዊ ሆኗል፣ አፍንጫቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው ከብርዱ የተነሣ እንባ አቅርሯል። ጥቁሩ ጥለት አንገታቸው ላይ ነው። «ፈገግታ የለም! ማንም እንዳይናገር!» ብሎ ናቲ አስጠንቅቋቸዋል። አንዱ ብቻ በብርዱ ምክንያት አፍንጫውን ይስባል።

እማማ አንጓች ከመኪናው ወርደው ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። አንዱን አዩት። ቀጥሎ ያለውን አዩት። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ከኋላቸው አያ ብሬ ወረዱ። እኒህ ሽማግሌ ማንንም አልጠየቁም። የተሰለፉትን አይተው፣ የገዛ ኩታቸውን ከትከሻቸው አነሡና ገልብጠው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አወጡት። ሰው ሐዘንተኞች መሃል ሲደርስ እጁ ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። እማማ አንጓች ዞር ብለው ወንድማቸውን አዩ። ያን ጊዜ አለቀ።

«ሰሎሞኔ! ሁለተኛዬንም! ሁለተኛዬንም ወሰድከው!»

ሻሻቸውን ከራሳቸው ቀድደው ጣሉት። ጉንጫቸውን በጥፍራቸው ከዓይናቸው ሥር እስከ አገጫቸው ነጩት። ደሙ ሲወርድ ከመሬት ጋር ተላተሙ፤ ዘመዶቻቸውም እየጮኹ ደረታቸውን እየደቁ ተከተሉ። ተሰላፊዎቹ ደንግጠው እርስ በርስ ይተያያሉ። ካሜራው ግን አልቆመም። ናቲ እያጎነበሰ ይሮጣል፤ «ቅረብ ቅረብ! ፊቷን ያዝልኝ! ወርቅ ነው ይሄ፣ ወርቅ!» ይላል። የደስታ ለቅሶ መስሎታል።

ሰሎሞን ጩኸቱን ሰምቶ በሩን በርግዶ ወጣ። «እማ! እኔ ነኝ! እማ!» ብሎ ተንበርክኮ ያዛቸው። ገፈተሩት። «አትንኩኝ! ልጄን አምጡልኝ!» ይላሉ። ፊታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ፊት ካስጠጋው በኋላ ነው እጃቸው መዳሰስ የጀመረው፤ ጆሮውን፣ አገጩን፣ ደረቱን። «ነህ?» አሉ። «ነህ? ነህ?» ሸሚዙ በደም ተበከለ። ከዚያ ቀኝ እጁን ጨምድደው ያዙት።

ናቲ ወደ እኔ መጣ። «ምንድን ነው የሆነችው?»

«መርዶ መስሏቸው ነው። ኩታው እንዲያ የሚለበሰው ለሐዘን ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። «ታውቅ ነበር? ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

የናቲ ጥያቄ ትክክል ነበር። ከዚያ ሰውዬ ጋር ባሳለፍኩት ጊዜ የተናገረው ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ነው። ግን አልቆየም፤ ካሜራውን ዘወር ብሎ አየና «ለማንኛውም ሹቱ ግን አሪፍ ነው» አለ። ጥዬው ወደ አጥሩ ጥግ ሄድኩ።

አያ ብሬ እዚያው ድረስ ተከትለውኝ መጡ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ ስንት ጊዜ ሸሽጌው የኖርኩትን ስም። በስም ያውቁታል።

«ታዲያ አባትህ ለቅሶ ሲሄድ ኩታውን እንዴት ነው የሚለብስ?»

ኩታቸውን አየሁ፤ ጥለቱ ገና አንገታቸው ላይ ነበር።

«እንዴት ነው የሚለብስ፣ ንገረኝ እንጂ?»

«ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ነው።»

«እ!» አሉና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ። ቢመቱኝ ይሻል ነበር።

ሰርጉ ይቆማል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልቆመም። እማማ አንጓችን ወደ አንድ ክፍል አስገቧቸው፤ የሙሽራዋ ሜካፕ ሠሪ ተጠራች። የተነጨ ጉንጫቸው ላይ ቀለም ቀባች፣ ዱቄት ነሰነሰች፤ ቁስሉ ጠፋ። ከዚያ አውጥተው ከሙሽሮቹ ጎን አስቀመጧቸው። ሙዚቃው ተከፈተ። እነዚያ ሃያ ወንዶች ኩታቸውን ጥለው፣ በዚያው በባዶ ቁርጭምጭሚታቸው ይጨፍራሉ። እማማ አንጓች የልጃቸውን እጅ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አይለቁትም። ሊበላ ሲል በግራ እጁ እንዳይበላ አፉ ውስጥ ያጎርሱታል፣ ቀኙን ግን አይለቁም። ላባቸው ሲመጣ ዱቄቱ ተሰነጠቀና ደሙ በመሃሉ ብቅ አለ። ልጅቷ መጥታ እንደገና ነሰነሰችበት። እንዲህ ያለ አስጠያፊ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ከሳምንት በኋላ ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ጩኸታቸው ጠፍቶ ዋሽንት ገብቶበታል፤ «የእናት ፍቅር» ተብሏል። ሰው ሁሉ የልብ ምልክት እየለጠፈ «አስለቀሰኝ» ይላል። ናቲ ደውሎ የአዲስ አበባው ሥራ ዝግጁ እንደሆነ ነገረኝ። «አልፈልግም» ብዬ ዘጋሁት። ይህን ስላልኩ ጀግና እንዳልባል፤ ጀግና ብሆን ቅዳሜ ነበር የምናገረው።

እናንተም ‹ለሰርግ ምን ልልበስ› የምትሉ ወንዶች፣ ሱሪያችሁን እጠፉት፣ ካልሲያችሁን ጣሉት፣ የራሳችሁ ብርድ ነው። እኔ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ኩታ የሚገዛኝን ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ልብሱን የምታየው አንተ አይደለህም፣ ፊት ለፊትህ የሚቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ምን አሳልፏል? እሱን ጠይቅና ልበስ። ‹ዝምታ ወርቅ ነው› የምትሉኝ ደግሞ ሌላ ቦታ ሂዱ። የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ምሕረት አለው። እያወቀ ‹ያምራል› የሚል ሰው ግን ቱ! ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ፋሲካ እንዳለፈ አያ ብሬን አማላጅ እንዲሆኑኝ ለምኜ እማማ አንጓችን ይቅርታ ልጠይቅ ከዳባት በታች ያለው ቤታቸው ሄድኩ። እማማ አንጓች ጉንጫቸው ላይ ሦስት መስመር ቀርቷል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ማወቄን፣ ዝም ማለቴን፣ ስለ ኔትወርኩ መዋሸቴን፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ተነሥ፣ ተነሥ፤ እግዜር ይፍታህ» አሉኝ። አስቀመጡኝ። አያ ብሬ በሬዎቹን ሊያዩ ወጣ ሲሉ ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ የተማርክ ነህ። ያን ዕለት ሰሎሞኔ ሞተ ብዬ አለቀስኩ፤ ዞር ስል ግን ቆሞ አገኘሁት። መርዶ እንዲህ ይሳሳታል ለካ። ከዚያ ወዲህ ታዲያ እንቅልፍ የለኝም። የበኩሬን ያረዱኝም ሰዎች እንዲሁ ተሳስተው ይሆን እንዴ? ሬሳውን አላየሁም እኮ። ቁልቁል መንገዱን ሳይ እውላለሁ። ለሰሎሞን አልነገርኩትም፤ አብዳለች ይለኛል።»

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። የሚፈልጉትን መልስ አውቀዋለሁ። ‹ማን ያውቃል እማማ› ብል ደስ ይላቸዋል፤ እኔም በሰላም እወጣለሁ። ዝም ማለትም ይቻላል፤ እችልበታለሁ።

«አልተሳሳቱም እማማ» አልኩ። «የእኛ ነው ስሕተቱ። የበኩርዎ መርዶ እውነት ነው። ልጅዎ የለም።»

በበሩ በኩል ቁልቁል መንገዱን አዩ። ከዚያ እጄን ያዙና በቀስታ መታ መታ አደረጉት።

«እኔም አውቀዋለሁ ልጄ» አሉ፤ «የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው።»